እማማ ጥሩምባና ሁለቱ ክራንክ ሻፍቶች

እማማ ጥሩምባ ይሏቸዋል፤ ታክሲ ሲነዱ መንገድ የዘጋባቸውን ሁሉ በጥሩምባ ስለሚያስደነብሩ ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች አሮጌ ታክሲ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሯ ጓ! አለና ቀጥ አለች። መካኒኩ ፈታቶ ሲያየው፣ የፒስተኖቹን ሽቅብ ቁልቁል ወደ ሽክርክሪት የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት ለሁለት ተሰብሯል። "አዲሱን ፋብሪካው ራሱ መሥራት ትቷል" አላቸው።

ትልቁ ልጃቸው ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አቃተው። "በቃ እማዬ፣ ለቁርጥራጭ ትሸጥ። እኔ እጦርሻለሁ፤ አንቺ እረፊ።"

"እረፊ የሚባለው ለሞተ ነው። ይልቅ ያንን ስባሪ በጆንያ ተሸከምልኝ።"

ልጁ መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ላስቀይር ብሎ ተከተላቸው። ጆንያው ግን ትንፋሽ አሳጥቶት ምክሩን ከነምራቁ ዋጠው።

አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ሲደርሱ፣ ሻጩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ክራንክ ሻፍት አወጣላቸው። "እማማ፣ ዕድለኛ ነዎት! እንደ አዲስ ነው።"

"አዲስ ከሆነ ለምን ተኳለ? እስቲ በገመድ አንጠልጥልልኝ።"

"ሊሰቅሉት ነው እንዴ? ምን አጠፋ?" ብሎ ሳቀ ሻጩ።

"አሁን ራሱ ይናገራል።"

በመዶሻ ቀስ አድርገው መቱት። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ይሄ ግን እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ዷ ብሎ ዝም አለ። በቁልፋቸው ቀለሙን ሲፍቁት፣ እጥፋቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ብቅ አለች።

የሻጩ ፊት ተለዋወጠ። "ሌላ የለኝም። ደግሞ በዚህ ዕድሜዎ ከብረት ጋር ምን አታገለዎት? ቤትዎ ቁጭ ይበሉ!" ወደ ልጁም ዞሮ "ምከራቸው እንጂ" አለው።

ልጁ አፉን ከፈተ። እናቱ አዩት። እሱም ጆንያውን ከትከሻው አወረደ።

"የምቀመጥበትን አንተ አትመርጥልኝም" አሉና ሻጩን ገፋ አድርገው ወደ ብረቱ ክምር ገቡ። ቀሚሳቸው ዘይት በዘይት ሆነ። ከጥርስ ማርሾች ሥር በደረቀ ግራሶ የተለበጠ ሌላ ክራንክ ሻፍት አገኙ። ጎኑን ሲወለውሉት ቁጥር ታየ፤ ከስባሪው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ገጠመ።

"እሱ የተጣለ ነው" አለ ሻጩ።

"እኔንም እንዲጥለኝ ልጄን ስትመክር ነበር።"

ልጁ ማንም ሳያዘው ገመዱን ያዘ። መዶሻው ሲያርፍበት ድምፁ ግቢውን ሞላው፤ ዕቃ የሚመርጡ ደንበኞች ቀና ቀና አሉ። እማማ ብረቱ የሚሽከረከርባቸውን አንገቶች በጥፍራቸው ዳሰሱ። ትንሽ ተቧጥጠዋል፤ ቢሆንም በቶርኖ ማሽን ተልጠው ለመስተካከል የሚበቃ ሥጋ አላቸው።

"ይሄን እወስዳለሁ። ያኛውን ግን ፊቴ ስበረው።"

"ምን አሉ?"

"ቀለም ደርበህ ለማን ልትሸጠው ነው? ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ለሚቀር ምስኪን?" አሉና ግቢው በር ላይ ጎማ አጋድመው ተቀመጡበት። "እስክትሰብረው አልነሳም። ቁጭ ይበሉ አላልከኝም?"

ደንበኞቹ ሳቁ፤ ግን ማንም አልገዛም። ሻጩ ልጁን በልመና ዓይን አየው። ልጁ ከግድግዳው ሥር ትልቁን መዶሻ አንስቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

"ስበረው ብላሃለች" አለው።

ብረቱ ገና በሁለተኛው ምት ስንጥቁ ላይ ተገመሰ። ያኔ እማማ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

ታክሲዋ ከቶርኖ ቤትና ከመካኒኩ እጅ ወጥታ ዛሬም ትሠራለች። ልጁ "ሽጫት" ማለቱን አልተወም። የሚለውም ጠዋት ጠዋት እናቱ በዚያችው ታክሲ ሥራ ሲያደርሱት ነው።