ትኩሳት የሌለው ጉንፋን

«ግንባርህ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዝቅዟል፤ ምንህን ነው የታመምከው?» አለች አክስቴ ማልሱን፣ እጇን ከግንባሬ ሳታነሣ። «ፊትህም እንደ ሙሉ ጨረቃ ሞልቷል። ሰው እንዲህ አምሮበት ይሞታል እንዴ?»

ፊቴን የነፋው ለኩላሊቴ ብዬ ሦስት ዓመት የዋጥኩት ስቴሮይድ የሚባል ክኒን ነው። ሐኪሙ ያስጠነቀቀኝን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ ክኒኑን በድንገት ማቋረጥ የለም፤ ሕመም ከያዘኝ እንዲያውም ይጨመራል፤ ካስመለሰኝ ደግሞ ቶሎ መርፌ ካላገኘሁ አልተርፍም። ጉንፋኑ ከአክስቴ ተጋባብኝ። ዛሬ ጠዋት ክኒኑን ሁለቴ ውጬ ሁለቴም አስመለስኩት።

በደሴታችን የቤቱ ወለል ከሥሩ በእሳት ይሞቃል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ወለሉ ይበልጥ በሚግልበት፣ በምድጃው በኩል ይተኛል። ብርድ ልብስ ይደራረብበታል፤ ያልበዋል፤ በማግስቱ ይነሣል። እኔንም እዚያው ጠቅልላ በርበሬ የበዛበት፣ ከኮመጠጠ ጎመን የሚሠራ የኪምቺ ሾርባ አጠጣችኝ። ሾርባውም አልተቀመጠልኝም። ላቤ በወረደ ቁጥር ጉልበቴ አብሮ ይወርዳል።

«እትዬ፣ ጀልባ ጥሪልኝ።»

«ለጉንፋን? እኔን ሲይዘኝ ማን ጀልባ ጠራልኝ? አስነጥሼ አስነጥሼ ወደ ዛጎል ለቀማዬ ወረድኩ።»

«አንቺ ይህን ክኒን አትወስጂም። ትኩሳቱን ይደብቀዋል።»

«መድኃኒት ያድናል እንጂ ይደብቃል እንዴ? ይልቅ ሆድህን ያወከው እሱ ነው፤ ዛሬ ተወው!» ብልቃጡን አንሥታ እጄ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ልነሣ ክንዴን ተደገፍኩ። ክንዴ ከዳኝ፤ ጣራው ዞረብኝ። በመስኮቱ፣ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው የባሕሩ ጭቃ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

«እትዬ፣ ላዩ የደረቀ የሚመስል ጭቃ ስታዪ ትረግጪዋለሽ?»

«አብጃለሁ? እስከ ወገቤ ይውጠኛል።»

«ግንባሬም እንደዚያ ጭቃ ነው።»

ከንፈሬን አየች፤ ጣቶቼን አየች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፍፋ ስልኳን አነሣች።

ባለጀልባው ኦክቹል በስልኩ ሲጮኽ እኔም ጋ ይሰማል። «የጤና ጣቢያዋን ነርስ ይዤ እመጣለሁ፤ ግን ውኃው ሸሽቷል! ጭቃው መሐል ካለው ጥልቅ ቦይ አልፌ አልጠጋም፣ እስኪመለስ ግማሽ ቀን ነው!»

«ቦዩ ላይ ጠብቀኝ!»

ተሸክማ አውርዳኝ፣ ጭቃው ላይ በምትንሸራተትበት የዛጎል መልቀሚያ ሳንቃዋ ላይ፣ ቅርጫቱ በሚቀመጥበት ቦታ አጋደመችኝ። አንድ ጉልበቷን ሳንቃው ላይ ተንበርክካ በሌላው እግሯ ጭቃውን ትገፋለች። ሳንቃው ሸርተት ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ሸርተት ይላል። ቦዩ ሩቅ ነው።

«እንዳትተኛ! እነዚያ ወፎች ምን ይባላሉ?»

«ዝይ።»

«ዝይማ እኔም አውቃለሁ! ቀኑን ሙሉ አፍጥጠህባቸው ስትውል የተማርከው ይህንኑ ነው?»

እየሰደበችኝ ታለቅሳለች። ዝይዎቹ ጠቆሩብኝ፤ ቀጥሎ ሰማዩ። በመጨረሻ የቀረኝ እግሯ ጭቃውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

መርፌው ሲገባ አልተሰማኝም። ዓይኔን ስገልጥ ጀልባው እየተንገጫገጨ ይሮጣል፤ ነርሷ ጉሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። አክስቴ ጭቃ በጭቃ ሆና አጠገቤ ተቀምጣለች። እንደ ልማዷ እጇን ወደ ግንባሬ ሰደደች፤ ሳትነካኝ መለሰችና ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።

«እስቲ አንተው ንገረኝ» አለች። «ምን ይሰማሃል?»