እርማት ለገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ወንድሜ ሰር ላምበርት ኦክሌይ ጠዋት ጠበቃ፣ ከሰዓት በኋላ የፓርላማ እንደራሴ፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ የጥንት ግጥም ሊቅ ነበር። በተረፈው ጊዜ ያልኩት ለወጉ ነው። የሊቅነቱን ሥራ የምሠራው እኔ እህቱ ዶርካስ ነበርኩ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ራልፍ ዌንሎክ የሚባል ገጣሚ ነበር፤ የእሱን ግጥሞች በስድስት የእጅ ጽሑፎች ላይ ቃል በቃል ያስተያየሁት፣ አቧራውን የዋጥኩት፣ የግራ ዓይኔን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ላምበርት ሲመቸው ብቅ ብሎ መቅድሙን ያሳምራል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በርዕሱ ገጽ ላይ፣ ከስሙ በታች፣ የእኔም ስም እንዲታተም። ቃል ገብቶልኛል። ያውም እናታችን ልትሞት ስትል፣ እጇን ይዞ።

ከማተሚያ ቤት ለእርማት የተላከው ቅጂ ሲደርሰን መጀመሪያ የገለጥኩት የርዕሱን ገጽ ነው። እሱ ብቻ አለበት።

"ስሜስ?" አልኩት።

መስታወት ፊት ቆሞ የአንገት ልብሱን ያስራል። "እህት ዓለም፣ ሰው የሴት ስም ካየበት የወጥ ቤት መጽሐፍ ይመስለዋል እኮ!" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። "ደግሞ ስም ምን ያደርግልሻል? የምትበይው አላጣሽ።"

ወደ እርማቴ ተመለስኩ። 

በመጽሐፉ ውስጥ የላምበርት የራሱ የሆነው ነገር ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነው። አንድ አሮጌ ደብዳቤ ገዝቶ "የዌንሎክ ነው" ብሎ ፈርዶ ነበር፤ ስለዚያ ደብዳቤ ሲጽፍ ብዕሩ አላርፍ ብሎት ነበር። እኔ ግን እርማቱ በእጄ ሳለ ገጣሚው የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የቀብር መዝገቡን አይቻለሁ። ሰውዬው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ሁለት ዓመት ቀድሞ አፈር ገብቷል። ከመዝገቡ ገልብጬ ይዤ መጥቻለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጬ እነግረው ነበር።

"እርማቱን ጨረስሽ?" አለኝ።

"ጨርሻለሁ።"

"ስህተት አለው?"

"የለውም።"

ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ምን እደብቃለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መጽሐፉ በወጣ በወሩ አንድ የገጠር ቄስ የቀብሩን ቀን በጋዜጣ አወጣው። በማግስቱ ፓርላማ ውስጥ አንድ ተቃዋሚ ተነስቶ፣ "የተከበሩት ሰር ላምበርት ሙትን ደብዳቤ ካስጻፉ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ሙትን ድምፅ ማሰጠትም አያቅታቸውም" አለ። ምክር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ላምበርት ፊቱ አመድ መስሎ ቤት ገባ። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መሄዴ ትዝ ሳይለው አልቀረም። እኔ ከቤት ስወጣ ጠብቆ መሳቢያዬን በረበረ።

እሁድ ምሳ አሳታሚው ሚስተር ክራዶክ ከነባለቤቱ ተጋብዘው ነበር። ጥብሱ ተቆርጦ ሲያልቅ ላምበርት ቢላውን አስቀመጠና የእኔን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ገበታው ላይ ዘረጋው።

"ዶርካስ፣ ይህ የእጅ ጽሑፍ ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ይህን ስትገለብጪ መጽሐፉ ታትሞ ነበር?"

"አልታተመም።"

"ገጹ በእጅሽ ነበር?"

"ነበር።"

"ስህተት አለው ወይ ስልሽ፣ የለውም አላልሽኝም?"

"ብዬሃለሁ።"

 አሁን "ለምን?" ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። መልሱን ካሰናዳሁት ቆይቷል፤ የእናታችንን አልጋ፣ አሥራ ዘጠኙን ዓመት፣ ዓይኔን፣ ሁሉንም እንግዶቹ ፊት ልዘረግፈው ነው። ላምበርት ግን ሠላሳ ዓመት ችሎት ፊት የቆመ ሰው ነው። መልሱ የሚጎዳውን ጥያቄ ለምስክር አይጠይቅም።

"ጨርሻለሁ" አለና አፉን ጠረገ።

"ወንድሜ፣ ለምን እንደሆነ ልንገር..."

"ምስክሯ ቃሏን ሰጥታ ጨርሳለች። ሚስተር ክራዶክ፣ ሥጋ ልጨምርልዎ?"

"ትንሽ ብቻ፣ ሰር ላምበርት" አለ ሰውዬው። ሚስቱ፣ ማንኪያ ስትሰርቅ የተያዘች ገረድ እንደሚያዩ ሁሉ፣ አየችኝ።

ሐሙስ ዕለት ያልተሸጡት አራት መቶ መጻሕፍት ቤት መጡ፤ አብሮ አንድ እሽግ ብጣሽ ወረቀት። በርዕሱ ገጽ ላይ፣ ከእሱ ስም በታች የሚለጠፍ ነው። እንዲህ ይላል፦ "በገጽ 212 ያለው ስህተት የአዘጋጁ አይደለም። የቀብሩን ቀን እያወቀች የደበቀችው ገልባጯ ሚስ ዶርካስ ኦክሌይ ናት።"

"ማን ይለጥፈዋል?" አልኩት።

"አንቺ ነሻ! እጅሽ ጥንቁቅ አይደል?"

"እምቢ ብልስ?"

"በሩ ያውልሽ።"

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ዓይን አለኝ፤ ሌላ ዘመድ የለኝም። ተነስቼ ለማጣበቂያ ዱቄት በውኃ በጠበጥኩ።

ቀኑን ሙሉ ለጠፍኩ። መቶ ያህል እንደጨረስኩ ላምበርት ከኋላዬ መጥቶ አንዱን አነሳና ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

"ተንጋዷል" አለ። "አቃኚው።"

ሳይደርቅ ላጥኩና አቃናሁት።