ለክረምት የተተወ ክፍተት

በመጣን በሦስተኛው ቀን እናቴ ጎረቤታችንን በልብስ ሌብነት ጠረጠረቻት።

ልብሱን አጥባ ጣሪያው ላይ በተዘረጋው የጋራ ገመድ ካሰጣችው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ሽንኩርት ልትከትፍ ወርዳ ተመልሳ ስትወጣ፣ የጎረቤታችን የውሃ ቦቴ ሹፌር ሚስት የአባቴን ሸሚዞች አንድ በአንድ ከገመዱ እያወረደች ታጥፋለች። እናቴ በሰው ላይ ድምጿን ከፍ የምታደርግ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን፣ "እትዬ፣ የእኛ ልብስ እኮ ነው" ስትል እኔ ታች ሆኜ ሰማኋት።

"አውቃለሁ። ደርቋል፤ ፀሐይ ቀለሙን ሳይጨርሰው ላንሳላችሁ ብዬ ነው" አለቻት ሴትየዋ።

እናቴ ይሄን ከሌብነቱ የባሰ ውሸት አድርጋ ወሰደችው። እኛ ከመጣንበት ከተማ ሸሚዝ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ እሱም ከደረቀ። አንሶላችን ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ይል ነበር፣ ጫማ ከአልጋ ሥር ሳምንት ከቆየ ይሻግታል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይቀልጣል። ስለዚህ እናቴ አንገትጌውን ዳሰሰች፣ ከዚያ ብብቱን፣ ከዚያ የኪሱን ስፌት። ሁሉም ደርቋል። የምትገባበት አጣች። ጎረቤታችን ግን ከት ብላ ሳቀች፤ ወሬውን እስከ ምሳ ሰዓት ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሁለቱ አልተለያዩም።

የመጣነው በአባቴ ደረት ምክንያት ነው። ሐኪሙ ወይ መድኃኒቱን ወይ አየሩን ቀይሩለት ብሎ ነበር፤ መድኃኒቱን ቀያይረን ጨርሰናል። እዚህ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት አባቴ ትራስ ደርድሮ ተቀምጦ መተኛት ተወ። በሁለተኛው ሳምንት የጣሪያውን ደረጃ ሳያርፍ ወጣ። እናቴ ደረጃው ሥር ቆማ ስትቆጥር አየኋት፤ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ነው።

አባቴ አናጢ ነው። ሌላ ሰው ቤት ሲለቅ ቁም ሳጥንና አልጋ ይጭናል፤ እሱ የጫነው ለዓመታት የሰበሰበውን ጣውላ ነበር። ከቤታችን ሥር ያለችውን ክፍል ለሥራ ተከራየ፣ ጣውላውን ግድግዳው ጥግ አነባብሮ ደረደረ፣ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ላስቲክ ሸፍኖ በገመድ አሰረው። እዚያ እያለ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ዝናብ በየትም ብሎ መግባቱ አይቀርማ። የቦቴው ሹፌር ይሄን አይቶ፣ ጣውላውን ከማን እንደሚደብቀው ጠየቀው። እዚህ መጨረሻ የዘነበው ትንሿ ልጁ ሳትወለድ ነው አለ፤ ልጅቷ አሁን አራተኛ ክፍል ናት።

የመጀመሪያው ሥራ ከትምህርት ቤቱ መጣ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ለሁለት ክፍሎች በር አዘዙት፤ ከወደዱት የቀሩትን አሥሩንም እሱ ሊሠራ። አባቴ በሮቹን ሠርቶ በብረት መቃናቸው ላይ ገጠማቸው። ቆንጆ ነበሩ። በአሥረኛው ቀን በትምህርት ሰዓት አንደኛው በር ጧ አለና ልጆቹ ወንበር ሥር ገቡ። በማግስቱ ሁለተኛው ተከተለ። ሳንቃው መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፣ ጠርዙ ከመቃኑ ሸሽቷል፣ የቁልፉ ምላስም ቀዳዳው ጋ አይደርስም።

ርዕሰ መምህርቷ ለፀሐዩ ጃንጥላ ይዘው በእግራቸው መጡ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

"ባለሙያ፣ በሩን ዘግቼውም ሜዳው ይታየኛል" አሉት።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ሻይ ቤት ደግሞ ስም ወጣለት፤ "ባለስንጥቁ" አሉት። አንዱማ፣ ሰውዬው በር ሊሠራ ሲል ማበጠሪያ ይወጣለታል፣ እስቲ ማበጠሪያ እንዘዘውና ምናልባት በር ይሆንልን ይሆናል፣ ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። አባቴ ሻዩን ጨርሶ ነበር የተነሳው። ከዚያ በኋላ ግን እቤት ነበር የሚጠጣው።

ያመጣን የጭነት መኪና ሹፌር በሦስት ወሩ እንደሚመለስ ነግሮን ነበር። አባቴ፣ ሲመጣ ይዞን ይሂድ አለ። እናቴ ስለ ደረቱ ልታነሳ ስትል አቋረጣት።

"እዚያ ቢያንስ ባለሙያ ሆኜ ነው የምስለው" አላት።

 እናቴ ያን ቀን ያሰጣችውን ልብስ ገመዱ ላይ ረስታ የሰማያዊ ቀሚሷ ትከሻ ነጣ።

እኔ ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። ከተመረቅሁ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሥራ አላገኘሁም። ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን መጠየቅ እንኳ የሚከብደኝ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት እንጨት የሠራን ሰው ስለ እንጨት ልነግረው ይቅርና። ግን እናቴ የዳሰሰችው ሸሚዝ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ነገር ደርቋል የምንለው በዓይን አይተን አልነበረም። እናደርቀዋለን፣ እንመዝነዋለን፣ እንደገና አድርቀን እንመዝነዋለን። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያኔ ደርቋል።

አባቴ ሳያየኝ ከአንድ ጣውላ ሁለት ቁራጭ ወሰድኩ። ሁለቱንም በእናቴ የወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩ፤ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ መቶ ግራም ሆኑ። አንዱን ከላስቲኩ ሥር መለስኩት። ሌላውን ጣሪያው ላይ ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። በየቀኑ እየመዘንኩ ቁጥሩን የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በእርሳስ ጻፍኩ። የጣሪያው ስምንት መቶ ሰባ ስምንት ሆነ፣ ከዚያ ስምንት መቶ ስልሳ አንድ፣ እያለ እያለ ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ ቆመ። ሦስት ቀን ተከታትሎ አልነቃነቅ አለ። የላስቲኩ ስምንት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበር።

አባቴ ቀኑ ገና ሳለ መሣሪያውን ለጉዞ ሊያሰናዳ ሳጥኑን ሲከፍት ቁጥሩን አየው።

"ይሄ የምንድነው?" አለኝ።

ሁለቱን ቁራጮች አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዞ ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። ከአንድ ጣውላ እንደተቆረጡ መንገር አላስፈለገኝም፤ የእንጨቱን መስመር አይቶ ገጠማቸው። የጣሪያው ጠበብ ብሎ ነበር።

"አባዬ፣ ላስቲኩን እናንሳው" አልኩት።

"ይሄ እንጨት ሁለት ዓመት ደርቋል።"

"እዚያ ደርቋል። እዚህ ገና እርጥብ ነው።"

ከዚህ በላይ ለማለት ጉልበት አልነበረኝም።  እሱም ተነስቶ ወደ ጣውላው ሄደና የገመዱን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ፈታ። አንዱንም አልቆረጠም። ላስቲኩ ሲነሳ ክፍሏን የድሮ ቤታችን ሽታ ሞላት።

አባቴ ጣውላዎቹን በበር ልክ እየቆረጠ፣ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት እያስገባን እንደገና ደረደርናቸው። የቦቴው ሹፌር ሲያግዘን፣ እኛ ውሃ አጥተን እናንተ እንጨት ውስጥ ጭናችሁልን መጣችሁ እያለ ይቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ አባቴ በየማለዳው መነጽሩን አድርጎ ከድርድሩ አንድ ቁራጭ እያወጣ ራሱ ይመዝናል። በሃያ ስድስተኛው ቀን ቁጥሩ ቆመ።

ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ አንድ በር ብቻ እንዲያስሞክሩት ለመናቸው። ርዕሰ መምህርቷ መስኮት የሌለውን የመጻሕፍቱን ክፍል ሰጡት።

ያን በር ሲሠራ እኔ ሳንቃውን እይዝለት ነበር። የመሃሉን ሳንቃ በኮላ አላጣበቀውም፤ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ እንዲሁ ሰካው። "መተንፈሻ ይኑረው" አለ፤ ይሄ የእሱ ሐሳብ ነበር። በሩን ትምህርት ቤቱ ወስደን ከመቃኑ ጋር ለካው፤ ልክ ገባ። ከዚያ መላጊያውን አነሳና ጠርዙን ሊልግ ጎንበስ አለ። እዚያ እያለን ሁሌም እንዲህ ያደርግ ነበር። እርጥበት ሲያሳብጠው መቃኑን እንዳይነክስ ብሎ የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ለክረምት ይተዋል። እጁ ያለ እሱ ፈቃድ ነው የሚሠራው።

"ለክረምቱ ነው?" አልኩት ቀስ ብዬ።

መላጊያው ሳንቃው ላይ ቆመ። አባቴ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አየ። ውጭ ነጭ ሰማይ ብቻ ነበር።

"የትኛው ክረምት?" አለና ሳቀ። ከመጣን ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳል ያልተከተለው ሳቅ ደግሞ ከስንት ዓመት ወዲህ እንደሆነ እንጃ። መላጊያውን አስቀመጠው።

በሩ ተሰቀለ። ርዕሰ መምህርቷ ሁለት ሳምንት እንጠብቅ አሉ። በመካከሉ ለሁለት ቀን ነፋስና አቧራ ነበር፤ ከዚያ ሙቀቱ ተመለሰ። አባቴ ትምህርት ቤቱ ባለበት መንገድ አያልፍም ነበር። ጧ የሚል ነገር በሰማ ቁጥር፣ የጎረቤት ድስት ክዳን እንኳ ቢሆን፣ ቀና ይላል።

ቀጠሮው ሲደርስ የጭነት መኪናው ሹፌርም ያን ዕለት ጠዋት መጣ። መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ፣ ዕቃው የታለ እያለ፣ ተከትሎን ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ።

እኩለ ቀን ነበር። ርዕሰ መምህርቷ በመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ጣታቸውን አሳለፉና አዩት፤ አቧራ የለውም። ከዚያ፣ "እኔ ውስጥ ልሁን፣ እርስዎ ይዝጉት" አሉት። አባቴ በሩን ገፋው። ጠቅ አለና ተዘጋ። እኛ ፀሐዩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ሹፌሩ፣ ሴትዮዋ ተኙ እንዴ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። አባቴ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሽ ነበር።

በሩ ተከፈተ።

"ጨለማ ነው" አሉ ርዕሰ መምህርቷ። "እጄን እንኳ አላየሁትም።"

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ፤ እስከ መጨረሻው ወሰደው። እንዴት እንዳደረገው ሲጠይቁት በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። "ልጄን ይጠይቋት" አለ። ተናገርኩ፤ ስለ ሸሚዙ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ቁጥሩ። ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሹፌሩ ሳይቀር አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ።

እናቴ ጣሪያው ላይ ሆና ትጠብቀን ነበር። አባቴ አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ወጥቶ ነገራት። ሹፌሩ ምሳውን በላ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ። ሰኞ ጠዋት የተሰነጠቁትን ሁለቱን ጨምሮ የቀሩትን የአሥራ አንድ በሮች ሳንቃ መመዘን ጀመርን፤ አባቴ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ።