ባለ አንድ ጥፍሩ እጭ

ሳህሊቱ እጩን በመርፌ ጫፍ ገልብጣ የፊት እግሩን ወደ ብርሃኑ አዞረችና የማይክሮስኮፑን ማጉያ ከፍ አደረገች። እግሩ ጫፍ ላይ አንድ ጥፍር ብቻ ነበር። ሁለተኛውን እግር አየች፤ አንድ። ሦስተኛውም አንድ።

ብልቃጡን አንሥታ የተለጠፈበትን ወረቀት እንደገና አነበበች። «ስቶንፍላይ፣ ጉኑኖ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው። ከመደርደሪያ ያወረደችው ነገ ለሚመጡት ጎብኚ ተማሪዎች ለማሳየት ብላ ነበር።

ስቶንፍላይ ንጹሕ ወራጅ ውኃ ውስጥ፣ ከድንጋይ ሥር የሚያድግ ነፍሳት ነው፤ ውኃ ሲበከል ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው። እጩ ሁለት ጅራት አለው፣ በየእግሩ ጫፍ ደግሞ ሁለት ሁለት ጥፍር። አሁን የምታየው ግን ሜይፍላይ የሚባለው ነበር። አብዛኛው ሜይፍላይ ሦስት ጅራት ስላለው አያሳስትም። ይኼኛው ባለ ሁለት ጅራቱ፣ ቆሻሻም ችሎ የሚኖረው ዓይነት ነው። አምና የወንዞቹ ንጽሕና ሪፖርት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሠላሳ ስምንት ብልቃጥ ፊቷ ተደርድሮ፣ ጅራቱን ቆጥራ ጥፍሩን ሳታይ አልፋዋለች።

የቀሩትን አሥር እጮች አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ሁሉም ባለ አንድ ጥፍር ነበሩ።

በሩ ተንኳኳና ሶርሳ ገባ። አምና ናሙና ስትሰበስብ መረቡን ይዞላት ወንዙ ውስጥ የገባው የጉኑኖ ገበሬ ነው። ጢሙ አድጓል። በእጁ ውኃ የሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዟል።

«ጋሽ ሶርሳ! ደኅና ነዎት? ቤተሰብ ደኅና?»

«ፋንታዬ ሞተች።»

ሳህሊቱ መርፌውን አስቀመጠች። ፋንታዬ ሚስቱ ነበረች፤ አምና ከወንዙ ሲወጡ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ፣ «ብርድ ነው፣ ብዪ» ብላ በእጇ ያጎረሰቻት።

«የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነበር፤» አለ ሶርሳ። አማርኛው ሲከብደው ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል። «ፋንታዬ ነው ምግቡን የሠራው። በማግስቱ አተት ገባ። አሥራ አንድ ሰው ታመመ፣ አራት ሞተ። ፋንታዬም አብሮ ሞተ። ቀበሌው ያንቺን ወረቀት አነበበ። ወንዙ ንጹሕ ነው፣ እንግዲያው ምግቡ ነው አሉ። አራት ወር ሙሉ ሰው ቤቴ አይገባም። ልቅሶ የደረሰኝም ጥቂት ነው።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የወንዙ ውኃ ነው። እንደገና እይልኝ፣ እህቴ። ፋንታዬ እጁ ንጹሕ ነበር።»

«ትንሽ ይቀመጡ፤» ብላው ወጣች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ጌታነህ ቢሮው ውስጥ ነበር። ቆማ ነገረችው።

«ነፍሳት ማየት ጀርም መቁጠር አይደለም፤» አለ። «ሳታፈሉ ጠጡ ያላቸው ሰው አለ?»

«የለም። ግን ሊቆፈርላቸው የነበረው የውኃ ጉድጓድ ወደ ሌላ ቀበሌ የሄደው በዚህ ሪፖርት ነው።»

«በዚህ ብቻ አይደለም።»

«በዚህም ነው፣ ዶክተር።»

ጌታነህ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስሚኝ። ይኼ ከወጣ ሌሎቹን ሠላሳ ሰባት ብልቃጦች ማን ያምናል? ውልሽ የሚታደሰው በሐምሌ ነው። ብልቃጡን ቦታው መልሺ፤ ለተማሪዎቹ ሌላ ፈልጊ።»

ስትመለስ ሶርሳ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው። ወንበሩን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳበችለት።

«በዚህ ይዩ፣ ጋሽ ሶርሳ። እግሩ ጫፍ ላይ ስንት ጥፍር አለ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «አንድ።»

«የንጹሕ ውኃው እጭ ሁለት ነው ያለው። ይኼ እሱ አይደለም። እሱ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፍሩን ሳላይ።»

ሶርሳ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሣም። «እንግዲያው ውኃው ነው የገደለ?»

«ውኃው ነው ብዬ መማል አልችልም። ንጹሕ ነው ማለቴ ግን ስሕተት ነበር።»

«ፋንታዬ አይደለም ማለት ነው።»

«እሳቸው ናቸው የሚያሰኝ ምንም ነገር የለም።»

አሁን ቀና አለ። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢጮህባት ይቀላት ነበር። ሶርሳ ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «እኔም ጠረጠርኩት፤» አለ። «ታሞ ተኝቶ፣ እጅሽን ታጥበሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። በዚያው ነው የሞተው።»

ሳህሊቱ ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ቀበሌ ስብሰባ አለ፤» አለ ባርኔጣውን እያደረገ። «ይኼን ነገር እኔ ብናገር አያምኑም። ሰው ፊት ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

«ሰው የሞተባቸው ሁሉ እዚያ ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

ነጭ ጋወኗን አውልቃ ሰቀለች። ከፋይሉ የሪፖርቱን ቅጂ አወጣች፤ «ንጹሕ» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ሰርዛ «የተሳሳተ መለያ» ብላ ጻፈችበት፤ ከሥሩም ሙሉ ስሟን፣ ቀኑንና ፊርማዋን አኖረች። የጌታነህን በር ሳታንኳኳ አለፈች።

መናኸሪያ ሲደርሱ የሚኒባሱ ረዳት «ጉኑኖ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራ ነበር። ሶርሳ ቀድሞ ገባ። አጠገቡ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ፣ እሷ እንዳትቀመጥበት፣ ባርኔጣውን አኖረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ረዳቱ ባርኔጣውንና ሳህሊቱን አየት አድርጎ፣ «እህት፣ ከዚያ ሌላ ወንበር የለም፤ ሞተሩ ላይ ትቀመጫለሽ ወይስ ቀጣዩን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

ሳህሊቱ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጎንበስ ብላ ገብታም ከሾፌሩ ኋላ፣ በሚፋጀው የሞተር ክዳን ላይ፣ ፊቷን ወደ ተሳፋሪዎቹ አድርጋ ተቀመጠች።