የደን ዘበኛው መጥረቢያ

ከአሪቻ መንደር በላይ ያለው ጋራ ደኑ የሕዝብ ነው ተብሎ ከታወጀ ወዲህ አንድ ዘበኛ ብቻ ነበረው፤ ጴጥሮስ። ካኪ ኮት፣ ፊሽካና ዱላ ሰጥተው ጠብቅ አሉት፤ እሱም ጠበቀ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። ጭራሮ የለቀመችን አሮጊት ሳይቀር እስከ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሚነዳ፣ ዘመድ የማያውቅ፣ ጉቦ የማያሸንፈው ደረቅ ሰው ነበር። ሰው ብዙም አይወደውም። እውነቱን ለመናገር እሱም ከሰው ይልቅ ዛፍ ይወድ ነበር፤ ዛፍ ቢያንስ ስብሰባ አይጠራም።

በ1973 ዓ.ም. የሰፈሩ ጸሎት ቤት ታሸገና የማኅበሩ መጋዘን ሆነ። የመንግሥት ደመወዝ የሚበሉ አማኞች አንድ በአንድ እየተጠሩ ሃይማኖቱን ትቻለሁ ብለው እንዲፈርሙ ታዘዙ። ጴጥሮስ ፈረመ። እንጀራው ነውና ምን ያድርግ የሚል ሰው ይኖራል፤ እሱ ግን ለራሱ እንዲያ ብሎ አያውቅም። ያፈረበትን ነገር እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ ይዞ ይሄድ ነበር እንጂ። ሚስቱ አልጣሽ ደመወዝ ስለሌላት ፈርሚ ያላት አልነበረም። መፈረሙን ሲነግራት አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምግብ ሲቀርብ ዓይኗን ጨፍና የምትቆየው ጊዜ ረዘመ። ጴጥሮስም ቆጮውን በእጁ ይዞ እስክትጨርስ ይጠብቃት ነበር።

በጋራው ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳው በአንዲት ምንጭ ዙሪያ ለተተከሉት ችግኞች ነው። በዘመቻ ሦስት ሺህ የዝግባና የጥቁር እንጨት ችግኝ ተተክሎ፣ መፈክር ተሰምቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ አብዛኛው ደረቀ። የተረፉት ሁለት መቶ የማይሞሉት እሱ በቆርቆሮ ጣሳ ከምንጩ እየቀዳ ያጠጣቸው ናቸው። እነሱን የሚያያቸው ሌላ ሰው ልጆቹን በሚያይበት ዓይን ነው፤ ልጅ አልወለደም።

ሐሙስ ሐሙስ ጴጥሮስ የሳምንቱን ሪፖርት ለማቅረብ ወደ ይርጋጨፌ ይወርዳል። በኅዳር ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ወደ ምንጩ ሲደርስ ከሠላሳ የሚበልጡ ችግኞች ተረጋግጠው፣ አንዳንዶቹም ከሥራቸው ተሰብረው አገኘ። ጭቃው በሰው ኮቴ ተቦክቷል። በሚቀጥለው ዓርብም እንደዚያው ነበር። ደሙ ፈላ። ሐሙስን መርጠው፣ እሱ የማይኖርበትን ቀን አውቀው የሚገቡ የእንጨት ሌቦች ናቸው ብሎ ደመደመ። ሳይውል ሳያድር ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ በቀለ ሄዶ አመለከተ። ኮቴውን ቆጥሬያለሁ፣ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ናቸው፣ ሐሙስ እኔ በማለዳ ስወርድ ነው የሚመጡት፣ የሚገናኙትም ምንጩ አጠገብ ነው አለ። እንዲህ አጥርቶ የሚናገር ምስክር በቀለ ከየት ያገኛል! በሚቀጥለው ሐሙስ አምስት ሚሊሻዎች ጠመንጃ ይዘው ከንጋት በፊት በምንጩ ዙሪያ እንዲያደፍጡ አዘዘ። ጴጥሮስ ግን ሌቦቹ እንዳይጠረጥሩ እንደ ልማዱ ወደ ይርጋጨፌ እንዲወርድ ነገረው።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት ጴጥሮስ የተሰበሩትን ሊያቃና፣ የሞቱትን ሊነቅል ወደ ምንጩ ወጣ። ሥራው ጎንበስ የሚያሰኝ ነውና ጎንበስ ብሎ መሬቱን ከቅርብ አየው። ንዴት ዓይን ይጋርዳል፤ ያን ጊዜ ያላየውን አሁን አየ። የመጥረቢያ ምልክት የለም። ፍላጭ የለም። የተጎተተ ግንድ ዱካ የለም። ያለው ጥንድ ጥንድ የሆነ ክብ ጉድጓድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ ኋላ የእግር ጣቶች ጫፍ ብቻ ተተክሏል። ሸክም ያወረደ ሰው እንዲህ አይቀመጥም። እንዲህ የሚሆነው የተንበረከከ ሰው ነው።

ጴጥሮስ ዱካውን ተከተለ። ከዚያ ወደ ምንጩ በሚያስገባው ቀጭን መንገድ ላይ አንዲት የሴት ኮቴ አየ። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት የለችም። አልጣሽ በልጅነቷ ያቺን ጣት በመቆፈሪያ ያጣች መሆኗን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ እናቴን ልጠይቅ እያለች ስትወጣ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም ነበር። አሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው።

ጉዳዩ የዋዛ አልነበረም። እንጨት የሰረቀ ዓመት ሁለት ዓመት ይታሰራል፤ ተደብቆ የተሰበሰበ ግን ፀረ አብዮት ነው። ባለፈው ዓመት ቤት ዘግተው ሲጸልዩ የተያዙ አራት ሰዎች ወደ ዲላ ተወስደው ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም፤ የት እንዳሉ የጠየቀ ዘመድም ዳግመኛ እንዳይጠይቅ ተነግሮታል። ጴጥሮስ እየሮጠ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወረደና ተሳስቻለሁ፣ ችግኞቹን የረገጠው ከርከሮ ነው አለ። በቀለ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተደግፎ ሳቀ።

"ጓድ ጴጥሮስ፣ ከርከሮ ከመቼ ወዲህ ነው ሐሙስን ለይቶ ማወቅ የጀመረው?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ብዙ ቢከራከር የባሰ እንደሚያስጠረጥር ገባውና ወጣ።

አልጣሽ ከጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ያደረገውን ሁሉ ነገራት፤ ምንም አልሸሸገም። እሷም መፋቂያዋን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ምነው በሰደበችኝ አለ በልቡ።

"ነገ አትሂጂ" አላት።

"እኔ ብቀር ሌሎቹስ?"

"ዛሬውኑ ንገሪያቸው።"

ሰዎቹ ከየቀበሌው እንደሚመጡ፣ የአንዱን ቤት ሌላው እንደማያውቅ፣ እንዲህ የተደረገውም አንዱ ቢያዝ ሌላውን እንዳያወጣ መሆኑን አስረዳችው። እሷ የሁለት ሴቶችን ቤት ብቻ ታውቃለች። የቀሩት ነገ ሲነጋ በየራሳቸው መንገድ እየወጡ ጠመንጃው አፍ ላይ ይደርሳሉ። መንገድ ላይ ጠብቆ መመለስም አይቻልም፤ ሁሉም መንገድ ተሰብስቦ የሚወጣው ሚሊሻዎቹ የሚያደፍጡበት ገላጣ ቦታ ላይ ነው።

ጴጥሮስ ጋራውን በልቡ ይዞረው ነበር፤ እያንዳንዱን ገደል፣ እያንዳንዱን ዛፍ፣ ከየትኛው ጥግ የተጮኸ ድምፅ የት ድረስ እንደሚሰማ።

"ሚሊሻዎቹ ለእንጨት ሌባ ነው የሚመጡት" አለ በመጨረሻ። "ጠዋት ከጋራው ጀርባ መጥረቢያ ሲመታ ይሰማል። ያን ጊዜ ምንጩን ለቀው ይሮጣሉ። አንቺ እነሱ ሲሄዱ ወደ ገላጣው ውጪና ሰዎቹን መልሻቸው።"

"መጥረቢያውን የሚመታው ማነው?"

ጴጥሮስ መዳፉን ገልብጦ አየው። እሷም እጁን ያዘችው። ከዚያ መፋቂያውን አነሣች።

ሐሙስ ሰማዩ ሲገለጥ ጴጥሮስ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ መጥረቢያ ይዞ፣ በጋራው ጀርባ ካለው ትልቅ ዝግባ ሥር ቆመ። ትናንሾቹን መቁረጥ ይችል ነበር፤ ቀጭን እንጨት ግን ቶሎ ይወድቃል፣ ድምፁም ሩቅ አይሄድም። ይህን ዝግባ አያቶቹ ትልቅ ሆኖ ነው ያገኙት። በሀገሩ ወግ እንዲህ ያለ ዛፍ ሽማግሌ ሳይመርቅ፣ ምትክ ሳይተከል አይነካም። ጴጥሮስ ምሳውን የሚበላው፣ ዝናብ የሚጠለለው እዚሁ ሥር ነበር። ግንዱን በመዳፉ ነካው። የሚለው ነገር ፈለገና አጣ። የፈረመ ቀን ጸሎትም ትቷል፤ አሁን መጀመር ደግሞ አሳፈረው። መጥረቢያውን አነሣ።

የመጀመሪያው ምት ጋራውን ሞላው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ እየዘለለ የሚሮጠው እሱ ነበር፤ ዛሬ ሌሎች እንዲሮጡ የሚመታው እሱ ሆነ። ፍላጩ ፊቱ ላይ ይረጫል፣ የዝግባው ሽታ አፍንጫውን ይሞላዋል። አለቀሰ። ሲያለቅስም አላቆመም። ሚሊሻዎቹ ቶሎ እንዳይመጡ ይፈራል፤ ቶሎ ካልመጡ ደግሞ ዛፉ ይወድቃል። ሁለቱንም እየፈራ መታ።

እያለከለኩ ሲደርሱ ግንዱ ከግማሽ በላይ ተበልቶ ነበር። አምስቱም መሆናቸውን ቆጥሮ አረጋገጠ። አንዱም ምንጩ ጋ አልቀረም። ጠመንጃ ደግነው ሲከቡት መጥረቢያውን ጣለና እጁን አነሣ። ከመካከላቸው የማያውቀው አልነበረም፤ ሁለቱን ከዚህ በፊት ቀርከሃ ሲቆርጡ ይዞ አስቀጥቷቸዋል። እነሱ አሰሩት፤ ጠበቅ አድርገውም አሰሩት። ዛፉ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በራሱ ጊዜ ወደቀ ተባለ።

በቀለ ፊቱ ሲያቀርቡት ከርከሮው አንተ ኖረሃላ አለው። ጴጥሮስ ሁሉንም አመነ። ችግኞቹን የረገጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ግንድ ሳወጣ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ያልኩት ራሴን ለመሸፈን የፈጠርኩት ነው አለ። ለዘበኛ የሚስማማ ውሸት ነበርና በቀላሉ ታመነ። ከዚያ በኋላ ስለ ምንጩ የጠየቀ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ሕዝቡ በሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ስብሰባ እሑድ የሚደረገው አማኞቹን ለመቆጣጠር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጴጥሮስን እጁን የፊጥኝ አስረው፣ አንገቱ ላይ "የሕዝብ ሀብት ዘራፊ" የሚል ካርቶን አንጠልጥለው አቆሙት። ሰዉ አጉረመረመ። ለአንድ እስር ጭራሮ ሲያዋርደን የኖረው ይሄ ነው እንዴ? የሺሃረግ የምትባለው አሮጊት፣ ጸሎት ቤቱ ሳይታሸግ መዝሙር ትመራ የነበረችው፣ ምራቋን ከእግሩ አጠገብ ተፋች። ጉልበቷ ላይ የደረቀ የምንጩ ጭቃ ቢኖር እንኳ አይገርመውም ነበር፤ እሷ ግን ማን ምን እንዳደረገላት አታውቅም። አልጣሽ ሰዎቹን ስትመልሳቸው መንገዱ ተይዟል ብቻ ነው ያለቻቸው።

በቀለ ይህ ሌባ ለፍርድ ወደ ዲላ እንዲላክ የሚስማማ እጁን ያውጣ አለ። አማኞቹ በየስብሰባው እጅ ባለማውጣታቸው ነበር የሚታወቁት፤ ለመፈክር እጅ አያነሡም። ዛሬ ግን ነገሩ ሌብነት ነው፤ ሌብነት ደግሞ ኃጢአት ነው። የሺሃረግ ከሁሉ ቀድማ አወጣች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሜዳው እጅ በእጅ ሆነ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በቀለ አንገቱን አስግጎ ወደ ሴቶቹ ተመለከተ።

"የባለቤቱ ሐሳብስ ምንድነው? ወይስ አንቺም አብረሽ ነበርሽ?"

አልጣሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ነገር እንደሚፈርስ ጴጥሮስ ያውቃል፤ ዝም ብትልም እንዲሁ። ፊቱን አቀናና አያት። ትዳር በያዙ በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ አድርጎ ለምኗት አያውቅም። ራሱን ዝቅ አደረገላት፤ አውጪ ማለቱ ነበር።

አልጣሽ እጇን አወጣች። በቀለ ቆጥሮ ጨርሶ አውርዱ ሲል ሁሉም አወረዱ። እሷ ሚሊሻዎቹ ጴጥሮስን ወደ መኪናው እስኪያስገቡት ድረስ እጇን እንዳነሣች ነበረች።