በሁለት ሰዓት ስንት ግድግዳ

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩት እላለሁ፤ እውነቱን ከተናገርን ግን እሱ ነው የተወኝ። ስለዚህ ዲግሪ ካላት ሴት ጋር ቁጭ ብለህ ሒሳብ ታስረዳለህ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከቀለሙ ሽታ የተነሳ ነው የሚቀባጥረው እል ነበር።

ልጅቷ ፊት ለፊቴ ካለው ቤት ውስጥ ነው ያደገችው፤ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ጠበቃዋ እላታለሁ። በስድስት ዓመቷ መስኮቴን በኳስ ሰብራ፣ ጥፋቱ ክፍት ያልነበረው የመስኮቱ እንደሆነ አስረድታኝ፣ እኔው ይቅርታ ጠይቄያት ገብቻለሁ። ዛሬ ስልክ ድርጅት ውስጥ የደንበኛ ቅሬታ ትቀበላለች። ተሳድቦ የደወለው ሁሉ አመስግኗት ነው የሚዘጋው። ይቺ አፈ ቅቤ ልጅ ታዲያ ቁጥር ስታይ ምላሷ ይታሰራል።

ቢዝነስ ትምህርት ቤት ልትገባ ፈልጋለች። የመግቢያው ፈተና ላይ ስድስት መቶ ማምጣት አለባት። በመጀመሪያው ሙከራ አምስት መቶ አሥር፣ በሁለተኛው አምስት መቶ ሃያ አመጣች። የቋንቋው ክፍል ያወጣታል፣ የሒሳቡ ክፍል ይዟት ይወርዳል። በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። አለቃዋ ደግሞ የትምህርት ፈቃዱን ዘንድሮ ካልተጠቀመችበት ለሌላ ሠራተኛ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯታል። የቀራት አንድ ፈተና እና ሰባት ሳምንት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። ቤት ውስጥ እናቷ የልብስ ስፌት መኪናዋን እያስጮኸች ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ሙያ ነው የሚጠይቁኝ» አለችኝ። «አንዱ ቀቢ አንድ ግድግዳ በአርባ ደቂቃ ይጨርሳል። ሌላው በስልሳ። አብረው ቢሠሩ በስንት ይጨርሱታል?»

«ወሬ ይወዳሉ?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«እንግዲያው ቀቢዎች አይደሉም። አንቺ ምን አልሽ?»

«መሃሉን ወስጄ ሃምሳ።»

«ሃምሳ? እኔ ለብቻዬ በአርባ የምጨርሰውን፣ ልታግዢኝ መጥተሽ አሥር ደቂቃ ትጨምሪብኛለሽ? እንዲህ ያለ ረዳት ደጄ አይድረስ።»

እንደ ሞኝ አየችኝ። ቀጥላ መጽሐፉን አየችው። «እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አለች ቀስ ብላ።

ከላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ባዶ ቤት እንድቀባ አከራዩ ቁልፉን ሰጥቶኝ ነበር። አራት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በርም መስኮትም የሌለባቸው ሁለት ግድግዳዎች አሉት፤ በሜትር ለክቻቸዋለሁ፣ ሁሉም እኩል ናቸው፣ ሁሉም ደጋግሞ መቀባት ይፈልጋሉ። ነይ አልኳት፣ ብሩሽ ያዢና ጥያቄውን በእጅሽ ሥሪው። እናቷ «ልጄን ቀቢ ልታደርጋት ነው» ብላ አኮረፈች፤ ግን አሮጌ ሽርጥ ሰጠቻት።

እኔ ግድግዳ በአርባ ደቂቃ እጨርሳለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው። እሷ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ከተለማመደች በኋላ ስልሳ ደቂቃ ላይ ረጋች። ለሙከራ ደጋገምነው፤ ስልሳ ነው። ያኔ የራሴን አቆጣጠር ነገርኳት። እኔ ክፍልፋይ አላውቅም። ሥራ ስዋዋል «በሁለት ሰዓት ስንት ግድግዳ» ብዬ ነው የማስበው።

«እርስዎ በሁለት ሰዓት ሦስት» አለች። «እኔ ሁለት። አብረን አምስት። አንዱ ግድግዳ... ሃያ አራት ደቂቃ።»

«እንግዲህ እንየው።»

ስልኳ ላይ ሰዓት ያዘችና እኔ ከቀኝ እሷ ከግራ ጀመርን። መሃል ላይ ተገናኝተን ብሩሽ ስናነሳ ሰዓቱ ሃያ ይላል።

ጠበቃዋ ፊቷ ወደቀ። «ተሳሳትኩ ማለት ነው» አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነች፤ ሰዓትና እሷ ካልተስማሙ ጥፋቱን ለራሷ ነው የምትሰጠው። ለመስኮቱ ጊዜ የነበራት ወኔ ለቁጥር ሲሆን የለም።

ሌላ ግድግዳ ሠራን። ሃያ። በማግስቱ ሌላ ክፍል ገብተን ሠራን። ሃያ። ለየብቻ ስንሠራ ግን እኔ አርባ፣ እሷ ስልሳ። ብሩሹን አስቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ።

«አንቺ አልተሳሳትሽም» አልኳት። «በሃያ ደቂቃ ከሆነ በሁለት ሰዓት ስድስት ነው። ሦስቱ የእኔ፣ ሁለቱ የአንቺ። አንዱ የማን ነው?»

ብሩሿን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች። እኔም የጠየቅኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ቀቢ የሰው እጅ ያውቃል። እኔ ከላይ ወደ ታች ነው የምቀባው፤ እሷንም ያስተማርኳት እንደዚያው ነው። ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን በጎን ብርሃን አየሁት። ከታች፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ በግራና በቀኝ ጥግ ላይ ቀለሙ ወደ ጎን ነው የተሳበው። እያንዳንዱ የብሩሽ መስመር አንድ ስንዝር ነው። አንዱ ከአንዱ በላይ እንደ ደብተር መስመር ተደርድሯል። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።

«በሁለት ሰዓት አንድ ግድግዳ» አልኩ፣ መሳቅ ስለነበረብኝ። «ማንም ይሁን ማን፣ ሰነፍ ነው።»

አልሳቀችም። «በደቂቃ አንድ ሲካፈል ለመቶ ሃያ» አለች። ክፍልፋይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወረቀት መሥራቷ ነበር።

የሞተ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ የሕንፃውን ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር ጠየቅኩት። «ሻንጣ ሻጭ ነበር» አለኝ። «ደህና ነው። ትናንት ደውሎ ፖስታ መጥቶለት እንደሆነ ጠየቀኝ።» ከሱ በፊት የነበሩትም አሉ፤ ሁሉም በሕይወት፣ ሁሉም ጤነኛ። ሟች ባገኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ።

በእኔ ቢሆን ልጅቷን ዳግመኛ ወደዚያ ቤት አላወጣትም ነበር። እሷ ግን መጽሐፏን ይዛ መውጣት ጀመረች። እኔ አንዱን ክፍል ስቀባ ሌላው ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ትቀመጥና ትሠራለች። ክፍሉ ያረጋጋኛል አለች። ልምምድ ፈተናው ላይ ነጥቧ ወጣ፦ አምስት መቶ ስልሳ፣ አምስት መቶ ዘጠና፣ ስድስት መቶ አሥር። ቤቷ ስትሠራ ግን አምስት መቶ አርባን አትሻገርም። እናቷ «የሠፈር አስተማሪ ሆንክ አሉ» እያለች ሰላምታዋን አሳመረችልኝ።

እኔን ያላስተኛኝ ሌላ ነገር ነው። እሷ ወዲያኛው ክፍል ስትሆን፣ የእኔ ግድግዳ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሙሉ አርባ። ረዳቱ እኔ ጋ አልነበረም።

አንድ እሁድ ልምምዷን ስትጨርስ ወረቀቶቿን ስጪኝ አልኳት። የሒሳቡ ክፍል ሃያ አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚፈቀደው ስልሳ ደቂቃ ነው። ቤቷ ስልሳ ደቂቃ ይፈጅባታል፣ እዚህ አርባ። በሁለት ሰዓት ብላችሁ አስቡት፤ ቤቷ ሁለት የሒሳብ ፈተና፣ እዚህ ሦስት። አሁንም አንድ ትርፍ። አሥራ አራቱ ጥያቄዎች ሥር ሥራቸው አለ፤ ስርዝ ድልዝ፣ ቀስት፣ «ጅል ነኝ» ብላ የጻፈችው ሁሉ። ሰባቱ ሥር ምንም የለም። መልሱ ብቻ አለ፣ አጠገቡም በእሷው እስክሪብቶ የተሰመረች አጭር አግድም መስመር። ሰባቱም ትክክል ናቸው።

«እነዚህን በጭንቅላቴ ነው የሠራኋቸው» አለች።

«አራተኛውን አሁን ሥሪልኝ።»

እስክሪብቶ አነሳች። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ጥያቄ አይቼው አላውቅም ጋሼ።»

 በመስኮቱ የጎረቤት ልብስ ማድረቂያ ገመድ ሲጢጥ ሲል ይሰማል።

«ስድስት መቶ አሥር ነው እኮ» አለች በመጨረሻ። «ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«የለም።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ።»

«አይቀልዱብኝ።»

«እሺ። እኔ ያልሠራሁትን ግድግዳ የእኔ ነው ብዬ ባስረክብ፣ ደንበኛው በማግስቱ ‘ያችን ጥግ አስተካክልልኝ’ ሲል የማደርገው ይጠፋኛል።»

መጽሐፏን አንስታ ወረደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ደረጃው ላይና ቤቷ ነው ያጠናችው። ፍጥነቱንም፣ የውሃ ቧንቧውንም፣ የሁለት ባቡሮቹንም ጥያቄ ወደ ግድግዳ እየለወጠች፣ «በሁለት ሰዓት ስንት» እያለች ትሠራለች። አምስት መቶ ሰባ። አምስት መቶ ሰማንያ አምስት። እያንዳንዷ ነጥብ ስርዝ ድልዝ አላት። አከራዩ ቤቱ መቼ ያልቃል ብሎ ሲጨቀጭቀኝ፣ ቀለሙ ይድረቅ እያልኩ የመጨረሻዎቹን ሁለት ግድግዳዎች አሳደርኳቸው። ለምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው በሬን አንኳኳች። ወረቀቶቿን ሰጠችኝና በሩ ላይ ቆመች።

«ቤት ነው የሠራሁት» አለች። «እናቴ አጠገቤ እየሰፋች። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።»

ወረቀቱን አገላበጥኩት። አሥራ አራቱ ሥር ሥራ አለ። ሰባቱ ሥር መስመር።

«ተከትሎኝ ወረደ» አለች። «ቅዳሜም ይመጣል። ስድስት መቶውን አመጣለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ቢቀርስ? ልቅር?»

አለቃዋም፣ ሦስተኛው ሙከራም፣ ሠላሳ አንድ ዓመትም በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበሩ። «ትሄጃለሽ» አልኳት። «የሒሳቡ ክፍል ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጀምር ብቻ ንገሪኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ይዛት ሄደች። እኔ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። የቀረው ክፍል ውስጥ ቆርቆሮውን ከፍቼ አማሰልኩት። ከሁለቱ ብሩሾች አንዱን ያዝኩ፣ ሌላውን በግራ ጥግ ወለሉ ላይ ቀለም በተቀዳበት ሳህን አስቀመጥኩ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ማውራት አላበዛም፤ ያን ቀን ግን ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ወዳጄ» አልኩት፣ «እሷ እንግዲህ አድጋለች። አትፈልግህም። እኔ ግን ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ወገቤን ያመኛል፣ ጎንበስ ብዬ የታችኛውን መቀባት እየከበደኝ ነው። ሰነፍ መሆንህን አውቄ ነው የምቀጥርህ። ከእኔ ጋር ሥራ።»

 የነገረችኝ ሰዓት ሲደርስ ጀመርኩ። ከቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ወደ ግራ ላለማየት ፊቴን ግድግዳው ላይ ተከልኩት። አንድ ሁለቴ እስክስብ የሰማሁት የራሴን ብሩሽ ብቻ ነው። ከዚያ ከታች፣ ከጉልበቴ ሥር፣ ሌላ ድምፅ ጀመረ። አጭር ነው። ወደ ጎን የሚሄድ። ሽር ይልና ያርፋል፤ ሽር ይልና ያርፋል። የሚቸኩልበት ነገር የለውም። መቀባቴን አላቆምኩም፤ ባቆም እሱም የሚያቆም፣ አቁሞም ወደ እሷ የሚሄድ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ግድግዳ ሲያልቅ ሰዓት አየሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ። ሁለተኛው ሲያልቅ ደግሜ አየሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ።

ከሰዓት በኋላ የደረጃው ላይ እርምጃዋን ሰማሁ። ቀስ ብላ ነው የወጣችው። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው።

«ስድስት መቶ» አለች። ደስታ ፊቷ ላይ የለም። «ልክ ስድስት መቶ፤ ኮምፒውተሩ እዚያው ነው ያሳየኝ። ሰዓቱ አልቆ ሁለት ጥያቄ ሳልነካ ቀረሁ፤ የቀረውን ሁሉ እኔ የሠራሁት ይመስለኛል፤ ግን በፊትም እኔ የሠራሁት ይመስለኝ ነበር። የሠራሁበትን ወረቀት ደግሞ ፈታኞቹ ወሰዱብኝ። የማን ነው ጋሼ?»

«ሁለት ግድግዳ ቀባሁ» አልኳት። «አንቺ የሒሳቡ ክፍል ላይ ሳለሽ። ስልሳ ደቂቃ ፈጀብኝ።»

ወረቀት አልፈለገችም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «በሁለት ሰዓት አራት» አለች። «የእርስዎ ሦስት ነው።» የቀለም ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆየች፤ ስታነሳው ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ አፏ ግን ይስቃል። «ስለዚህ እዚህ ነበር። ሙሉውን ሰዓት እዚህ ነበር።»

«ሙሉውን።»

«የእኔ ነው ማለት ነው።»

«ሁለቱ ያልነካሻቸው ጥያቄዎች ሳይቀሩ ያንቺ ናቸው።»

እናቷ ከታች ስሟን እየጠራች ነው፤ ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ጨርሳለች መሰለኝ። ጠበቃዋ ተነሳች፣ ሽርጧን ከምስማሩ ላይ አወረደች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አሁንስ የት ነው ያለው?»

ከኋላዬ ሽር ብሎ አረፈ።

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት። «ሂጂ፣ እናትሽ እየጠራችሽ ነው።»