ጨውና ሎሚ የነካው ቱቦ

ወረታ ያለው የሩዝ መፈተጊያችን ገለፈቱን እያነደደ የራሱን መብራት ያመነጫል። እንፋሎቱን ወደ ተርባይኑ የሚወስዱትን የማይዝግ ብረት ቱቦዎች የበየድኩት እኔ ዓለምነህ ነኝ። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር እንደኔ የሚበይድ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።

ሥራ በጀመረ በስምንተኛው ወር ግን አንዱ ቱቦ ተሰንጥቆ እንፋሎት ተፋ። መፈተጊያው ቆመ፤ የፎገራ ገበሬ ሩዙን ጭኖ በሩ ላይ ተኮለኮለ። ሥራ አስኪያጁ አድማሴ ገና ሳያየው «ብየዳው ነው» አለ። ደሜ ፈላ።

«ብየዳዬ ከሆነ መሣሪያዬን አስረክቤ እሄዳለሁ» አልኩት። «ካልሆነ ግን ጥፋተኛውን እዚሁ፣ ሰው ፊት፣ ስሙን ትጠራልኛለህ!»

ከባሕር ዳር ኢንጂነር ሠርካለም መጣች። ቱቦውን ቆርጣ በአጉሊ መነጽር ስታይ አንገቴን አስግጌ አብሬ አየሁ። ስንጥቁ ከብየዳዬ አንድ ክንድ ርቆ፣ እንደ ሣር ሥር ተሰራጭቷል። አድማሴን ቀና ብዬ አየሁት፤ ኮራሁ።

«ይህ የጨው ሥራ ነው» አለች። «የማይዝግ ብረትም ቢሆን ጨው ነክቶት ሲግል ይሰነጠቃል። ውሃው ንጹሕ ነው፣ መርምሬዋለሁ። ጨው ያገኘሁት ከውጭ፣ ከሙቀት መከላከያው ሽፋን ሥር ነው።»

«እንግዲያ ሸፋኞቹ ናቸዋ!» አለ አድማሴ።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው። እኔ የመሪጌታ ገብረ ሐና ልጅ ነኝ፤ በየበዓሉ ዋዜማ የቤተ ክርስቲያኑን የነሐስ መስቀልና የዕጣን ጽና በጨውና በሎሚ ስወለውል ያደግሁ። ቱቦዎቹን በይጄ ስጨርስ፣ ከመሸፈናቸው በፊት ሰው እንዲያይልኝ ብዬ እነሱንም እንዲሁ ወልውያቸው ነበር፤ ብቻዬን፣ ፊቴ እስኪታይባቸው። ያየኝ አልነበረም። ዝም ብል ሸፋኞቹ ይባረሩ ነበር።

«ሸፋኞቹ አይደሉም» አልኩ፣ በሩ ላይ ያለው ገበሬ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ዓለምነህ ገብረ ሐና ነው።»

«እንግዲያ አንተው ትቀይራቸዋለህ!» አለ አድማሴ። ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ፤ ያጠብኳቸውም በተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የኢንጂነሯን ሪፖርት ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። የመጀመሪያዋን መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ፦ «ብየዳው ደህና ነው።» ሁለተኛዋን ዝቅ አድርጌ፦ «ጨው ያስነካው ራሱ በያጁ ነው፤ ማንም ሳያስገድደው ተናግሯል።»

አባቴ ተማሪ ቤት ሲያስተምሩ እንደሚያደርጉት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«ሁለተኛዋን ድገማት» አሉኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኳት።